ስሟ ያልተጻፈ ሴት
የቤተ መንግሥት ግድግዳ ከቴህራን እስከ ጉባ

ማንኛውም ቤተ መንግሥት ለተመልካች የሚታይ ፊትና ከተመልካች የተሰወረ ጀርባ አለው። ፊቱ ዙፋኑ፣ ምንጣፉ፣ መስተዋቱና በግድግዳው ላይ የተሳለው ሥዕል ነው። ጀርባው ደግሞ ማጀቱ፣ ወፍጮ ቤቱና ወደ ወንዝ የሚወርደው የውሃ መንገድ ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ዘመን ሲመረምሩ የኖሩት ፊቱን ነው። ይህ ጽሑፍ ፊቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ለማየት ይሞክራል። መነሻው ግን ከመጻሕፍት የተገኘ ሳይሆን በጉባ አንዲት ተማሪ ያቀረበችው አጭር ጥያቄ ነው።

ጉባ በመተከል ዞን፣ ዓባይ የኢትዮጵያን ምድር ተሰናብቶ ወደ ሱዳን ከመዝለቁ በፊት በሚያቋርጠው ቆላ የምትገኝ ወረዳ ናት። ዛሬ ስሟ በዓለም ዙሪያ የሚነሣው በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት በወረዳዋ ከተማ በማንኩሽ ለተማሪዎች ስለ ሥዕል ጥበብ ጥቂት እንድናገር ተጋብዤ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ የሥዕል ቅጂዎችን ይዤ ሄድኩ። ከእነዚህም መካከል አንዱ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በፋርስ የተሠራ የዘይት ቀለም ሥዕል ነበር፦ ቅንድቦቿ የተጋጠሙ፣ እጆቿ በሂና የቀሉ፣ በዕንቁ የተንቆጠቆጠች፣ ከበሮ የያዘች ሴት።

ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የጉሙዝ ልጅ ዘንድ ደረሰ። ልጅቷ አተኩራ ካየችው በኋላ ቀና ብላ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ። ቅጂውን ገልብጬ ከጀርባው የታተመውን አነበብኩላት፦ «ከበሮ የያዘች ሴት»። ልጅቷም «እሱማ ይታያል፤ ስሟን ነው የጠየቅሁት» አለች። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ጥያቄው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ከተባለው በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሸራ ላይ የቀረች ውበት

የፋርስ ነገሥታት የዘይት ቀለምን ከአውሮፓውያን የተዋወቁት በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ መናገሻቸው ኢስፋሃን በነበረችበት ዘመን ነው። በ1647 በዳግማዊ ሻህ አባስ ዘመን የተፈጸመው የቼሄል ሶቱን ቤተ መንግሥት ትርጉሙ «አርባ ዓምድ» ማለት ነው። ሃያው ዓምድ ከፊቱ ባለው ኩሬ ላይ ጥላውን ሲጥል አርባ ሆኖ ይታያልና። በግድግዳዎቹ ላይ የግብዣ፣ የጦርነትና የፍቅር ትዕይንቶች ተሥለዋል፤ ሴቶችም በወይን ቀጂነት፣ በዘፋኝነትና በተወዛዋዥነት ከዚያ ጀምሮ በቤተ መንግሥቱ ጌጥ ውስጥ ቋሚ ቦታ ያዙ።

ይህ ልማድ በሺራዝ በካሪም ኻን ዘንድ ዘመን (1751–1779) ዳብሮ፣ በቃጃሮች በተለይም በፈትሕ ዓሊ ሻህ ዘመን (1797–1834) ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ፈትሕ ዓሊ ሻህ የሥዕልን ፖለቲካዊ ኃይል ጠንቅቀው የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። እስከ ወገባቸው የሚወርደውን ጥቁር ጢማቸውንና በአልማዝ የተሽቆጠቆጠ ልብሳቸውን የሚያሳዩ ታላላቅ ምስሎችን ምኽር ዓሊን በመሳሰሉ የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች እያሠሩ ለውጭ አገር ነገሥታት ይልኩ ነበር። ለናፖሊዮን የተላከው ምስላቸው ዛሬ በፈረንሳይ ይገኛል።

የሴቶቹ ሥዕል ግን ለሌላ አገልግሎት የተሠራ ነበር። ሸራው እንደ ዛሬው በክፈፍ ተይዞ በምስማር የሚሰቀል አልነበረም፤ በግድግዳው ውስጥ ለተቀረጸው ቅስት ጓዳ በልኩ ተቆርጦ የሚገጠም የሕንፃው አካል ነበር። አንዲቷ ወይን ትቀዳለች፣ ሌላይቱ ክራር መሰል መሣሪያ ትመታለች፣ ሦስተኛይቱ በእጆቿ ቆማ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላ የአክሮባት ትርኢት ታሳያለች። ጓዳው ስድስት ከሆነ ሴቶቹም ስድስት ይሆናሉ። ልብሳቸውና የያዙት ዕቃ ይለያያል፤ ፊታቸው ግን አንድ ነው። ክብ ፊት፣ ሰፊ ዓይን፣ የተጋጠመ ቅንድብ፣ ትንሽ አፍ።

ይህ የፊት መመሳሰል ከሠዓሊው ድክመት የመነጨ አይደለም። የዘመኑ ሠዓሊ የሐር ጨርቅን ልስላሴና የዕንቁን ድምቀት አንድ በአንድ ለይቶ የማሳየት ችሎታ ነበረው። አንዱ ምክንያት የንጉሡ ሴቶች ከባዕድ ወንድ ዓይን ተከልለው ይኖሩ ስለነበር ሠዓሊው ሕያዋን እመቤቶችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሊሥል አለመቻሉ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የጠለቀ ነው። የታሪክ ምሁሯ አፍሳነህ ናጅማባዲ በ2005 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በዘመኑ የውበት መለኪያ ወጣት ወንድና ወጣት ሴት በሥዕል ላይ በአንድ ዓይነት ፊት ይታዩ ነበር። የተሣለው እንግዲህ አንድ ሰው ሳይሆን «ውበት» የሚባል ሐሳብ ነው። ሐሳብ ደግሞ ስም አያስፈልገውም።

ልዩነቱን ለማስተዋል በዚያው ንጉሥ ዘመን ከተሠራ ሌላ ሥራ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ሠዓሊው አብደላ ኻን በ1812 እና በ1813 በቴህራን በሚገኘው የነጋሬስታን ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ንጉሡን በዙፋናቸው ተቀምጠው፣ ልጆቻቸው፣ መኳንንታቸውና የውጭ አገር መልእክተኞች በግራና በቀኝ ተሰልፈው የሚያሳይ ሥዕል ሥሎ ነበር። በዚያ ሥዕል ላይ 118 ሰዎች በቁመታቸው ልክ ቆመው ይታዩ ነበር። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ማን ማን እንደሆኑም ተለይተው ይታወቃሉ። ሕንፃው ቢፈርስም ከሥዕሉ የተወሰዱ ቅጂዎች ተርፈዋል። በአደባባዩ አዳራሽ የተሣለ ወንድ ስምና ማዕረግ ነበረው፤ በመዝናኛው ክፍል የተሣለችው ሴት የነበራት ከበሮ ብቻ ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ስም ያላቸው፣ ብዕር የያዙ ሴቶች መኖራቸው ነው። የፈትሕ ዓሊ ሻህ ልጅ ዚያእ አስ ሰልተነህ በቁም ጽሕፈት የተመሰገነች፣ ቅኔ የምትደርስ፣ ለአባቷም የግል ጸሐፊ ሆና የምታገለግል ሴት ነበረች። የንጉሡ የምሥጢር ደብዳቤ በእጇ ይጻፍ ነበር። በግድግዳው ላይ ሴት ወይን ስትቀዳ፣ ከግድግዳው ማዶ ሴት የመንግሥት ጉዳይ ትጽፋለች። ተመልካች ግድግዳውን ብቻ አይቶ ስለ ፋርስ ሴት ቢፈርድ የሚደርስበትን ስሕተት ከዚህ መገመት ይቻላል። የቤተ መንግሥት ጌጥ የኅብረተሰቡ መስተዋት ሳይሆን የባለቤቱ ምኞት ነው።

ምኞቱም ከባለቤቱ ጋር አለፈ። ናስር አድ ዲን ሻህ (1848–1896) ፎቶግራፍን ወድደው የገዛ ሚስቶቻቸውን ራሳቸው ማንሣት ሲጀምሩ፣ የሸራዋ ሴት አሮጌ ፋሽን ሆነች። ቤተ መንግሥቶቹ ሲፈርሱ ሸራዎቹ ከጓዳቸው ተነቅለው ለገበያ ቀረቡ። በ1870ዎቹ በቴህራን ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ ሮበርት መርዶክ ስሚዝ ለንደን ለሚገኘው ሙዚየም በርካታ የፋርስ ዕቃዎችን ገዝቶ ላከ። በ1998 ደግሞ በኒው ዮርክ የብሩክሊን ሙዚየም የቃጃሮችን ሥዕል የሚመለከት ታላቅ ዐውደ ርእይ አሳየ። ሴቶቹ ከቤተ መንግሥት ወደ ሙዚየም ተዛወሩ፤ መጠሪያቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው፦ «ከበሮ የያዘች ሴት»፣ «መስተዋት የያዘች ሴት»።

የቋራዋ እመቤት

ኢስፋሃን ከአውሮፓ ሥዕል ጋር በተዋወቀችበት ምዕተ ዓመት የእኛዋ ጎንደርም ከዚያው ምንጭ ቀድታ ነበር። በሮም ከምትገኘው የቅድስት ማርያም ባሲሊካ የተቀዳው የእመቤታችንና የሕፃኑ ሥዕል በ17ኛው ምዕተ ዓመት በኢትዮጵያ ተስፋፍቶ የሠዓሊዎቻችን መሠረታዊ አርአያ ሆኗል። በአሠራርም ቢሆን የሚያቀራርብ ነገር አለ። የፋርስ ሠዓሊ ሸራውን በጓዳው ውስጥ ሲገጥም፣ የጎንደር ሠዓሊ የጥጥ ጨርቅ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይሥል ነበር። ልዩነቱ የሥዕሉ ቦታ ላይ ነው። በፋርስ ትልቁ የሥዕል ግድግዳ የንጉሡ እልፍኝ ሲሆን በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ነበር።

ይህም ሆኖ የጎንደር ግቢ ጌጥ አልባ አልነበረም። የቀዳማዊ ኢያሱ (1682–1706) ግንብ በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበረ ይነገርለታል። የዝሆን ጥርሱና ወርቁ በዘመኑ ከምዕራቡ ቆላ ወደ ደጋው ገበያ ይወጡ ከነበሩት ዋነኛ ሸቀጦች መካከል ነበሩ። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በጎንደር ግን በሥዕል ላይ ስም ያላት ሴት አለች። የጉባ ሰሜናዊ ጎረቤት ከሆነችው ቋራ የተገኘችው ምንትዋብ የአፄ በካፋ ባለቤት ነበረች። በካፋ በ1730 ሲያርፉ በልጇ በዳግማዊ ኢያሱ፣ ኋላም በልጅ ልጇ በኢዮአስ ዘመን ዘውድ ጭና አገር ያስተዳደረች፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስሟ ብርሃን ሞገሳ የተባለች ሴት ናት። «ምንትዋብ» የሚለው መጠሪያ ራሱ «ምንኛ ውብ ናት» ማለት ነው። በፋርስ ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ታሪኳ በዚህች አንዲት አድናቆት ባለቀ ነበር። እርሷ ግን ደብረ ፀሐይ ቁስቋምንና ከአጠገቡ የሚገኘውን ግንቧን፣ በጣና ሐይቅም በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠራች።

በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ምንትዋብ ያጌጠ ልብሷን ለብሳ በእመቤታችንና በሕፃኑ እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። ሥዕሉን ያሠራችው ራሷ ናት፤ የምትማጠነውም ራሷ ናት። ለሌላው ዓይን ደስታ የቆመች ሳትሆን የራሷን ጉዳይ ይዛ የቀረች ሰው ናት። የቃጃር ሥዕል «እዩኝ፤ የንጉሡ ነኝ» ሲል የናርጋው ሥዕል «ይህን ያሠራሁ እኔ ነኝ፤ አስቡኝ» ይላል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አቁመን ብናጨበጭብ የጉባዋን ልጅ ጥያቄ በግማሽ መመለሳችን ይሆናል። በ1770 ጎንደር የደረሰውና በቁስቋም እቴጌይቱን ያገኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ከምዕራቡ ቆላ በአፈና ተይዘው የመጡ ልጆች በቤተ መንግሥቱ አድገው ወታደርና አገልጋይ ይሆኑ እንደነበር ጽፏል። የቋራዋ እመቤት ስሟን በግድግዳ ስታጽፍ፣ የቋራ ጎረቤት የሆነው የቆላው ሕዝብ ልጆች በዚያው ግቢ ጀርባ ስማቸውን እያጡ ነበር።

ሥዕል የሌላቸው

አሁን ወደ ጉባ እንመለስ። የጉሙዝ፣ የበርታና የሌሎች የአካባቢው ሕዝቦች ምድር ለዘመናት በሁለት ኃያላን፣ በደጋው መንግሥትና በሱዳን ገዥዎች መካከል ተይዞ የኖረ ነው። በ1897 እና በ1898 የራስ መኰንን ጦር ቤላ ሻንጉልን ወደ ምኒልክ ግዛት ሲያስገባ፣ ጉባም በጎጃም በኩል ገባር ሆነች። በዚያን ዘመን ጉባን ይገዙ የነበሩት ሐምዳን አቡ ሾክ ሲሆኑ፣ በአሶሳ በኩል ኃያሉ ሼኽ ሖጀሌ አል ሐሰን ነበሩ። ግብሩ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ነበር። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ከ1897 እስከ 1938 የተካሄደውን የባሪያ ንግድ መርምረው ይህን ታሪክ በጥናት አስፍረዋል።

ሼኽ ሖጀሌ በአዲስ አበባም መኖሪያ ነበራቸው፤ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር እስከ ዛሬ የሚጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ባለቤታቸው ሲት አምና ደግሞ በባሪያ ንግድ የታወቀች፣ ስሟም በሱዳን ቅኝ ገዥዎች መዝገብ የሰፈረ ሴት ነበረች። እንግዲህ ስም ማግኘት ብቻውን ፍትሕ አይደለም፤ ሴት መሆንም ብቻውን ከበዳይነት አያድንም። የገዥ ሚስት ስሟ በመዝገብ ሲቀር፣ እርሷ የነዳቻቸው ሴቶች በቁጥር ብቻ ቀሩ።

እነዚህ ሴቶች ወዴት ሄዱ? ወደ ግቢዎች ጀርባ ነው የሄዱት። እህል ፈጪ፣ ውሃ ቀጂ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ጌሾ ወቃጭ ሆኑ። በታላቁ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር እንግዳ በአንድ ቀን ሲበላና ሲጠጣ፣ ያ ሁሉ እንጀራ የተጋገረበት ዱቄት በማን ክንድ እንደተፈጨ የሚያሳይ ሥዕል በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አልተሣለም። በመኳንንቱ ቤት ለባሪያ አዲስ ስም ማውጣትም የተለመደ ነበር። ያ ስም ብዙ ጊዜ የጌታውን ሀብት፣ ዕድል ወይም ምኞት የሚያወድስ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይሆን ነበር። ጌታው በተጣራ ቁጥር ራሱን ያወድሳል፤ የተጠራችውም «አቤት» ባለች ቁጥር ምስጋናውን ታጸድቃለች። የሕዝቧ መጠሪያም በደጋው አፍ በጸያፍ የጅምላ ስም ተተክቶ ነበር። የቴህራኗ ሴት ምስል ኖሯት ስም አጣች። የጉባዋ ሴት ምስልም አላገኘች፤ የነበራትንም ስም ተቀማች።

ቅድም በልብ ይያዝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የቤላ ሻንጉል ወርቅ ከወንዝ አሸዋ በገበቴ እየታጠበ የሚወጣ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ የበርታ ሴቶች ድርሻ ከፍተኛ ነበር፤ ዛሬም ነው። ዘውዱ ሲያብረቀርቅ፣ የመስቀሉ ቅብ ሲያበራ፣ ያ ብርሃን ወንዝ ውስጥ ጎንበስ ብላ የዋለች ሴት የጉልበት ፍሬ ነው። በዚህ ትርጉም የቆላዋ ሴት በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ የለችም ማለት አይቻልም። አለች፤ ግን በፊቷ ሳይሆን በላቧ።

ባርነት በሕግ የተሻረው በረጅም ሂደት ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ የመጨረሻው የማስቀሪያ አዋጅ ግን ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ወጣ። አዋጁ ሰንሰለቱን በሕግ በጠሰ እንጂ የጠፋውን ስም የመመለስ ኃይል አልነበረውም። ስም የመመለስ ሥራ የሕግ ሳይሆን የታሪክና የኪነ ጥበብ ሥራ ነውና።

የጥያቄው መልስ

የጉባ ሴት ያለ ጥበብ አልኖረችም። ጉሙዞች ዘንድ የሴት ገላ ራሱ በጠባሳ ጌጥ የተዋበ ነው፤ በአንገቷና በወገቧ ያለው ጨሌ በራሷ ምርጫ የተደረደረ ነው። በትከሻዋ ላይ በጋደመ ዘንግ ጫፍና ጫፍ ሸክሟን ሰቅላ ሚዛኑን ሳታዛንፍ ዳገት ስትወጣ ያየ ሠዓሊ፣ የቃጃር ሠዓሊ በእጇ ያቆማት አክሮባት ልትወዳደራት እንደማትችል ይረዳል። ያቺኛዋ ለንጉሥ ዓይን ተገልብጣ ቆማለች፤ ይቺኛዋ ለልጆቿ እህልና ውሃ ተሸክማ ትሄዳለች።

ነገር ግን እዚህ ላይ ለእኛ ለአርቲስቶች አንድ አደጋ አለ። ይህችን ሴት ሥለን በሆቴል አዳራሽ ወይም በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ሰቅለን ከሥሯ «ሸክም የተሸከመች የጉሙዝ ሴት» ብለን ከጻፍን፣ ከፈትሕ ዓሊ ሻህ ሠዓሊዎች በምን ተለየን? ቀለሙ አገራዊ ሆነ እንጂ አስተያየቱ ያው የቤተ መንግሥት አስተያየት ነው። ብሔር ብሔረሰቦችን በጌጣቸው ብቻ የሚያሳየው የግድግዳ ሥዕልና የቀን መቁጠሪያ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ በዚህ ወጥመድ ወድቋል። እኔም በመድረክ ሥራዬ «አንዲት የቆላ ሴት» የሚል ገጸ ባሕርይ ጽፌ፣ ስም ሳላወጣላት ማሰሮ አሸክሜ ያሳለፍኳት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ጥፋት መሆኑ አልታየኝም።

ስለዚህ ለመምህራን፣ ለካድሬዎችና ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በጉባ፣ በአሶሳ፣ በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ልጆች አያቶቻቸውን ይሣሉ። ከሥዕሉ ግርጌ የአያቲቱ ስም፣ የእናቷ ስም፣ የተወለደችበት መንደርና የምታውቀው ሙያ በልጁ እጅ ይጻፍ። ስሙ በጉሙዝኛ ወይም በበርታኛ እንደሚጠራው ይጻፍ እንጂ ለደጋ ጆሮ እንዲመች አይለወጥ። የባህል ጽሕፈት ቤቶችም እነዚህን ወረቀቶች እንደ ተማሪ መለማመጃ ሳይሆን እንደ ታሪክ ሰነድ ይጠብቋቸው። የአያቶቻቸውን ስም የሚያስታውሱ አሮጊቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

የቴህራኗ ከበሮ ያዥ ስሟ ከእንግዲህ የሚገኝ አይመስለኝም፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው የሠዓሊው ምናብ እንጂ ሰው አልነበረችም። የጉባዎቹ ሴቶች ግን ሰዎች ነበሩ፤ እናት ያወጣችላቸው ስም ነበራቸው። በማንኩሽ ትምህርት ቤት ያን ቀን ለልጅቷ መልስ ስላጣሁ በምትኩ የራሷን አያት ስም ጠየቅኋት። ሳታመነታ ነገረችኝ፤ የአያቷን እናት ስምም ጨመረችልኝ። ከዚያ በኋላ ጥቂት አሰብ አድርጋ «ከዚያ በላይ ያለውን እናቴን ልጠይቅ» ብላ ተቀመጠች።